የመኪና ቀለም ላይ የቀረ ሙጫ፦ በምን ይለቅ?

ስቲከሩ ተነሳ፣ ሙጫው ግን ቀረ። ሲውል ሲያድር አቧራ ይይዛል፣ ይጠቁራል፣ መኪናው በታጠበ ቁጥር ጨርቁን ይጎትታል። ምክር ጠይቁ ብትባሉ ደግሞ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ ቤንዚን ይላል፣ ሌላው የምግብ ዘይት፣ ሌላው በምላጭ ፋቀው። ሁሉም «እኔ ሞክሬው ሠርቶልኛል» ባይ ነው። አስቸጋሪው ነገር ማንም አለመዋሸቱ ነው። ለአንዱ ሙጫ የሠራው ለሌላው አይሠራም። የአንዱ መኪና ቀለም የቻለውን የሌላው አይችልም።

ስለዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን እንያቸው። አቋሜን ግን ከአሁኑ ልናገር። ኃይለኛ ፈሳሽ ይዞ ከመቸኮል ቀለል ያለውን ቀብቶ መጠበቅ ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የሚበላሸው ፈሳሹ ሥራውን እስኪጨርስ ባለመጠበቅ ነው። ሰው ይጣደፍና ይፈትጋል። ሙጫው ውስጥ የተቀበረው አቧራ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ቀለሙን ይቧጥጣል።

መጀመሪያ ቀለሙ

በዘመኑ መኪና ላይ የምናየው ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ብረቱ ላይ ዝገት መከላከያው አለ፣ ቀጥሎ ፕራይመሩ፣ ቀጥሎ ከለሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊሩ፣ ማለትም ከለር የሌለው አንጸባራቂ መከላከያ ሽፋን። ከፋብሪካ እንደወጣ ባለ መኪና ላይ የሁሉም ድምር ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ቢሆን ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ሙጫ ስናስለቅቅ እጃችን የሚሠራው እዚህ ስስ ነገር ላይ ነው።

የፋብሪካ ቀለም 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት ይጋገራል። ስለዚህ ጠንካራ ነው። ቀለል ያሉ ማሟሚያዎችን ለአጭር ጊዜ በደንብ ይችላል። ድጋሚ የተቀባ አካል ግን እንደ ቀቢው ነው። ማጠንከሪያ ተጨምሮበት በሥርዓት የተቀባ ከሆነ ከፋብሪካው ብዙም አይርቅም። ማጠንከሪያ ሳይገባበት በቲነር ቀጥኖ፣ ቲነሩ ሲተን ብቻ የደረቀ ከሆነ ግን ቲነር በነካው ቁጥር መልሶ ይሟሟል። ከስፕሬይ ቆርቆሮ የተነፋ ቀለምም አብዛኛው እንዲሁ ነው። በቅርብ የተቀባ መኪና ከሆነ ደግሞ ምንም ዓይነት ቀለም ይሁን ጥቂት ሳምንታት ሳይነኩት መቆየት ይመረጣል። ከላይ ደርቆ ውስጡ ገና ሊሆን ይችላል።

የቱ እንደሆነ በሙከራ ይታወቃል። እዚህ ላይ ከተለመደው ምክር ትንሽ እለያለሁ። ብዙ ጊዜ «የነዳጅ መክደኛው ውስጥ ሞክሩ» ይባላል። ግን መክደኛው የፋብሪካ ቀለም ሆኖ ፓራውልቱ ሁለት ጊዜ የተቀባ መኪና መንገዱን ሞልቶታል። ሙጫው ፓራውልት ላይ ከሆነ ሙከራውም እዚያው ፓራውልት ላይ ይሁን፣ ከታች በኩል ዓይን በማያርፍበት ጥግ። ነጭ ጨርቅ ጫፉን አርጥቡ፣ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉት፣ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ የመኪናው ከለር ከመጣ፣ ቦታው ከደበዘዘ ወይም ጣት ላይ ከተጣበቀ ያንን ፈሳሽ እርሱት። ክሊር የሌላቸው የድሮ መኪናዎች ላይ በፀሐይ የዱቄት ያህል የላላ ከለር ጨርቅ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ያም ቢሆን ረጋ ብሎ መሥራትን ይጠይቃል።

ቀጥሎ ሙጫው

የወረቀት ፕላስተርና የአንዳንድ ስኮች ሙጫ ብዙ ጊዜ መሠረቱ ጎማ ነው። ዘይትና የነዳጅ ዘር ያላቸው ፈሳሾች ያላሉታል። የፕላስቲክ ስቲከርና የማስታወቂያ ጽሑፍ ላይ ያለው ሙጫ ደግሞ በአብዛኛው አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ፀሐይንና ዝናብን ስለሚችል ነው የተመረጠው፤ ያው ጥንካሬው ነው በኋላ የሚያስቸግረን። ለዘይት ብዙም አይበገርም። ሙቀት፣ አልኮልና የሎሚ ዘር (ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣ) ማስለቀቂያ ይሻሉታል።

ሎጎና የበር ጌጥ የሚለጠፍበት ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር መሀሉ ስፖንጅ ነው። ሎጎው ሲነሳ ስፖንጁ ግማሹ እዚያው ይቀራል። እሱን በፈሳሽ ብቻ ማሟሟት ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ ወፍራሙን ማንሳት ያስፈልጋል።

ሱፐር ግሉ ከነዚህ ከአንዱም አይደለም። እሱ ሲደርቅ ደረቅ ፕላስቲክ ይሆናል። ዋነኛ ማሟሚያው አሴቶን ነው፣ አሴቶን ደግሞ የቀለምም ጠላት ነው። ቀለም ላይ ሱፐር ግሉ ከደረቀ ለቤት ሙከራ አይሆንም፤ ቀለም የሚያውቅ ሰው በጣም በረቀቀ ብርጭቆ ወረቀትና በፖሊሽ ቀስ እያለ ቢያወርደው ነው የሚሻለው።

የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ በጣት ነክታችሁ እዩት። የሚለጠጥና ጣት የሚስብ ከሆነ ገና ሕይወት አለው፣ በሙቀት ወይም በዘይት ይነሳል። ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ፈሳሽ ቀብቶ መሸፈንና መጠበቅ ነው።

ሙቀት ወይስ ፈሳሽ?

ስቲከሩ ገና ካልተነሳ ወይም ሙጫው ወፈር ያለ ከሆነ በሙቀት ጀምሩ። የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል። ሙጫው ይለሰልሳል፣ የስቲከሩ ፕላስቲክም ሳይበጣጠስ ይመጣል። ስትስቡት ወደ ላይ አትንቀሉት። ወደ ኋላ አጥፋችሁ፣ ከአካሉ ጋር ተጠግቶ፣ ቀስ ብሎ ይላጥ። ደህና ከተላጠ ግማሹ ሙጫ አብሮ ይሄዳል፣ የቀረው ሥራ ቀላል ነው። ብርድ ላይ ያለን ስቲከር መንቀል ግን፣ በተለይ ድጋሚ በተቀባ አካል ላይ፣ ቀለሙን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የቀለም ቤቶች የሚጠቀሙበት የሙቀት ሽጉጥ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳሉ። ለለመደ እጅ መልካም መሣሪያ ነው፤ ላልለመደ ግን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ሲዘገይ ክሊሩን ያፈላል፣ ፓራውልቱን ያጣምማል። መለኪያው መዳፍ ነው። መዳፋችሁ ቦታው ላይ ተረጋግቶ መቀመጥ ካልቻለ ሙቀቱ አልፏል።

ስስ ሆኖ ለቀረ ሙጫ ግን ሙቀት አይረዳም። ያቀልጠውና ወደ ጎን ያሰፋዋል። እዚያ ላይ ወደ ፈሳሽ ነው የሚኬደው። ሁለቱን በአንድ ላይ ግን በፍጹም። ተቀጣጣይ ፈሳሽ በተቀባ ቦታ ላይ የፀጉር ማድረቂያም ሆነ የሙቀት ሽጉጥ መክፈት እሳት መጥራት ነው።

ፈሳሾቹ ሲነጻጸሩ

ሞቅ ያለ ውሃና ሳሙና ሙጫ አያስለቅቅም ማለት ይቻላል፣ ከአንዳንድ የወረቀት ስቲከሮች በቀር። ግን ሳይታጠብ አይጀመርም። አሸዋው ከቦታው ካልተነሳ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ መቧጠጥ ነው።

የምግብ ዘይትና የሕፃናት ዘይት ለቀለም የዋሆች ናቸው። ቀለሙ የምን እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ፣ ወይም በሙከራው ሌላው ሁሉ ከወደቀ፣ እነሱ ይቀራሉ። ግን ዝግተኞች ናቸው። ግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ፣ መጥረግ፣ እንደገና መቀባት አለ። ለጎማ ዘር ሙጫ ደህና ናቸው፤ ለቆየ አክሪሊክ ተስፋ አይጣልባቸውም። ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ከፈሰሱ ነጠብጣብ ይተዋሉ።

ነጭ ጋዝ ብዙ ሰው የናቀው መፍትሔ ይመስለኛል። ቶሎ ስለማይተን ሙጫው ውስጥ ለመግባት ጊዜ ያገኛል። ለፋብሪካ ቀለምና በደንብ ለደረቀ ድጋሚ ቀለም ለአጭር ጊዜ ሲነካው ጉዳቱ ጥቂት ነው። ደብሊው ዲ 40ም አብዛኛው ይዘቱ ከነዳጅ የሚወጣ ማሟሚያ ስለሆነ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ልዩነታቸው እሱ በቀጭን ቱቦ ጠባብ ቦታ ላይ መረጨቱና ቅባት ጥሎ መሄዱ ነው። በሁለቱም ላይ ሁለት ነገር ጠብቁ፦ የበርና የመስታወት ጎማ ላይ እንዳይቆዩ፣ ጎማን ያሳብጣሉና፤ ነጭ ጋዙ ደግሞ ዝቃጭ የሌለበት ንጹሕ ይሁን።

ቤንዚንስ? ሙጫ ያስለቅቃል፣ አልክድም። ግን ነጭ ጋዝ የማይሰጣችሁን ምን ይሰጣችኋል? ወዲያው ስለሚተን ሙጫው ውስጥ ሳይገባ ይጠፋል፣ ስለዚህ ደጋግማችሁ ትፈትጋላችሁ። ትነቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ነጭ ጋዝ ግን ብዙ ጊዜ ከ38 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ ትነቱ አይቀጣጠልም። በዚያ ላይ ቤንዚን ውስጥ ካንሰር አምጪነቱ የታወቀ ቤንዝን የሚባል ኬሚካል አለበት። በእጅ ቆዳና በሳንባ የሚገባ ነገር ነው። ከውኃ ቀጥሎ በቀላሉ የሚገኝ ፈሳሽ ስለሆነ ብቻ ነው የሚመረጠው።

አልኮል ስል አይሶፕሮፒል ማለቴ ነው። ጥንካሬው ስስ ሽፋን ላይ ነው። አዲስ የአክሪሊክ ሙጫ፣ የተረፈ የጣት አሻራ የመሰለ ቅሪት፣ ከዘይት በኋላ የሚቀር ቅባት ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። ለወፍራም ሙጫ ግን አቅም ያንሰዋል። ለፋብሪካ ቀለም እንኳ ግማሽ በግማሽ በውሃ አቅጥኖ መጀመር ደግ ነው። ለስላሳ ድጋሚ ቀለም ላይ ንጹሕ አልኮል ብዙ ከቆየ ክሊሩን ያሳብጠዋል። እሱም ተቀጣጣይ ነው፣ ነፋስ ያለበት ቦታ ላይ ሥሩ።

የሎሚ ዘር ማስለቀቂያ ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣ ሊሞኒን የሚባል ዘይት ነው። ለቆየ አክሪሊክ ከቤት ውስጥ መፍትሔዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሽታው ደስ ስለሚል ሰው ይዘናጋል እንጂ የዋህ አይደለም። የነጭ ፎም ማሸጊያ ላይ ብታንጠባጥቡት ፎሙ ይሟሟል። ስለዚህ ጣሳው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አታስበልጡት፣ ከፕላስቲክና ከጎማ አርቁት፣ ሲጨርስ በሳሙና እጠቡት።

ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው የሬንጅና የሙጫ ማስለቀቂያ ብዙ ጊዜ ከላይ ያሉትን የተመጠነ ቅይጥ ነው። ብዙ ስቲከር የሚነሳበት መኪና ካለ፣ ለምሳሌ ጎኑ በሙሉ በማስታወቂያ የተለጠፈ፣ እሱን መግዛት ያዋጣል። ጣሳው ላይ ለመኪና ቀለም እንደሚሆን መጻፉን ግን እዩ። «ለማንኛውም ዓይነት ሙጫ» የሚሉ አንዳንዶቹ ውስጣቸው አሴቶን ወይም ዛይሊን የሚባል ኃይለኛ ማሟሚያ ነው።

ቲነርና አሴቶን የመጨረሻዎቹ ናቸው፣ እኔ ከዝርዝሩም አወጣቸዋለሁ። ቲነር አንድ ነገር አይደለም፤ የብዙ ማሟሚያ ድብልቅ ነው፣ ቅይጡም ከአምራች አምራች ይለያያል። ባለፈው ያልጎዳችሁ የዛሬው ሊጎዳ ይችላል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ከዚሁ ይመደባል። «አሴቶን የለውም» የሚል ጽሑፍ አያዘናጋችሁ፤ ብዙ ጊዜ በምትኩ ኢታይል አሴቴት ገብቷል፣ እሱም ቀለም ማሟሚያ ነው። የመኪና የፊት መብራት ላይ ከነኩ ደግሞ የመብራቱ ፕላስቲክ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል፣ ያም አይመለስም።

በእጅና በመሣሪያ

የለሰለሰ ሙጫን በአውራ ጣት እያንከባለሉ ማንሳት ተራ ይመስላል፣ ግን ቀለም የማይቧጥጥ መሣሪያ ቢኖር ጣት ነው። ጓንት ይደረግ እንጂ። ቀጥሎ የፕላስቲክ ካርድ፣ ጠርዙ ሳይሻክር፣ ተኝቶ የሚገፋ። ሎጎውን ከነስፖንጁ ለማንሳት የጥርስ ክር ወይም የዓሣ ማጥመጃ ክር ከኋላው አስገብቶ እንደ መጋዝ መሳብ ነው፣ ቦታውን አስቀድሞ አሙቆ።

ምላጭ ለመስታወት ነው። ቀለም ላይ «በጥንቃቄ» የሚባል ምላጭ የለም። መስታወት ላይም ቢሆን የኋላው መስታወት ውስጠኛ ገጽ ላይ ያሉት ቀጫጭን የማሞቂያ መስመሮች በምላጭ ይቆረጣሉ።

ለስፖንጅ ፕላስተር ድሪል ላይ የሚገጠም የላጲስ ጎማ አለ። በእውነት ይሠራል። በእጅ ብዙ የሚወስደውን በፍጥነት ይጨርሳል። አደጋው ሙቀት ነው። አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ ቀለሙ ይቃጠላል። ዝቅ ባለ ፍጥነት፣ ሳይጫኑ፣ እያነሱ እያስቀመጡ። ጎማው ላይ የተጻፈው የዙር ገደብ መጠበቅ አለበት። ድጋሚ የተቀባ ቀለምና የፕላስቲክ ፓራውልት ላይ ግን አልመክረውም። እዚያ ትዕግሥት ይሻላል።

አንድ ሰው የማያስበው አደገኛ ነገር ግድግዳ የሚያጸዳው ነጭ ስፖንጅ ነው። ለስላሳ ይመስላል፤ በተፈጥሮው ግን የረቀቀ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ክሊሩን ያደበዝዛል። የዕቃ ማጠቢያው አረንጓዴ ፊትማ ባይነሳ ይሻላል።

አሠራሩ ከምርጫው ይበልጣል

አንዱን ፈሳሽ ከሌላው የሚያበልጠው ብዙ ጊዜ አቀባቡ ነው። መኪናው ጥላ ሥር ይሁን፣ ብረቱም ይቀዝቅዝ። ፀሐይ የመታው ኮፈን ላይ የተቀባ ሁሉ ሳይሠራ ይተናል። ፈሳሹን በጨርቅ አርጥባችሁ ሙጫው ላይ አንጥፉት፣ በላዩ የፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኑ። ለዘይት ግማሽ ሰዓት፣ ለነጭ ጋዝ አምስት ደቂቃ ገደማ፣ ለአልኮል ሁለት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ግለጡና በጣት ሞክሩት። ካልተንከባለለ መልሳችሁ ሸፍኑት እንጂ ጉልበት አትጨምሩ። ስትጠርጉ ከዳር ወደ መሀል ይሁን፤ ከመሀል ወደ ዳር ሙጫውን ማዳረስ ነው። የጨርቁን ፊት ቶሎ ቶሎ ለውጡ።

የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ አጣጥፋችሁ ጥግ አትጣሉት። ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። የአትክልት ዘይት የጠጣ የተከመረ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያሞቅና ሊቀጣጠል ይችላል፤ ማሟሚያ የነካውም ትነቱን ያጠራቅማል።

እኔ ብሆን

ቅርብ ጊዜ የተለጠፈ ስቲከር ከሆነ የፀጉር ማድረቂያና ለማጥሪያ የቀጠነ አልኮል። ሌላ አያስፈልግም። ለዓመታት ፀሐይ የመታው ከሆነ ሙቀት፣ ከዚያ የሎሚ ዘር ማስለቀቂያ፤ እሱ ከሌለ ነጭ ጋዝ ከሽፋን ጋር። የወረቀት ፕላስተር ቅሪት ከሆነ በቀጥታ ነጭ ጋዝ ወይም ደብሊው ዲ 40። ለሎጎ ክር፣ ጣት፣ ከዚያ ማስለቀቂያ። ቀለሙ አጠራጣሪ ከሆነ ዘይት፣ ቢዘገይም። ደብዛዛ የተደረገ ማት ቀለም ከሆነ ግን ሕጉ ይለያል፦ መፈተግ የለም፣ ፖሊሽም የለም። የተፈተገ ማት ያበራል፣ ያበራው ደግሞ ወደ ድብዛዛነቱ አይመለስም።

ሙጫው ከለቀቀ በኋላ ቦታውን በመኪና ሳሙና እጠቡ፣ ሲደርቅ በቀጠነ አልኮል አንዴ ጥረጉት። ማስለቀቂያው የነበረውን ሰም አብሮ ስለሚያጥብ አዲስ ሰም ይቀባ። ሌላ ስቲከር የሚለጠፍበት ከሆነ ግን ሰሙ ይቅር፣ አይዝምና።

አንዳንዴ ሙጫው ጠርቶ ሄዶ የስቲከሩ ቅርጽ ይቀራል። ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ጠርዝ ከተሰማ ገና ሙጫ አለ፣ ሥራው አላለቀም። ምንም ካልተሰማ ዙሪያው በፀሐይ ደብዝዞ የተሸፈነው ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ቀርቷል ማለት ነው። እዚያ ላይ ማስለቀቂያ መጨመር ከንቱ ነው። ዙሪያውን በፖሊሽ ማንሳት ልዩነቱን ያጠበዋል፤ ከለሩ ራሱ በፀሐይ ከነጣ ግን ፖሊሽም አያስተካክለውም። ያኔ ምርጫው ያንን ፓርት ማስቀባት ወይም በልኩ ሌላ ስቲከር መለጠፍ ነው።